ስሙን ሁለት ጊዜ ጠይቅ

ይድረስ ለታደለ፣

በደብዳቤ ወግ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጤና ነው። የአንተን ለመጠየቅ አፍ ስለሌለኝ ከራሴ ልጀምር። እኔ በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ። ሱቁን በሰዓቱ እከፍታለሁ፣ በሰዓቱ እዘጋለሁ። በመጪው እሑድ ከተለየኸኝ ዓመት ይሞላኛል። እዚያ ለአንተ ምን ያህል እንደሚሆን አላውቅም።

ይህን የምጽፍልህ ሃርልስደን፣ ሱቃችን ውስጥ፣ ባንኮኒው ላይ ሆኜ ነው። ረቡዕ ጠዋት ነው፤ ሳራቺኔስካውን፣ የሱቁን ተጠቅላይ የብረት መዝጊያ፣ ገና አላነሣሁትም። የቀን ማስታወሻዬን ታውቀዋለህ። በቀን ሦስት መስመር፣ ከዚያ በላይ ወሬ ነው እያልኩ የያዝኩት ነው። አንተም «የአንቺ ማስታወሻ የጦር ሜዳ ቴሌግራም ነው» ትለኝ ነበር። ዛሬ ግን ሦስት መስመር የማይበቃው ነገር ይዞኛል። የምነግረው ሰውም ከአንተ በቀር የለም፤ የበደልኩት አንተን ነውና።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ሊዲያ ወደ ዌምብሊው ቤት ተመልሳ ከእኔ ጋር ትኖራለች። እኔን ልትጠብቅ እንደመጣች አልነገረችኝም፤ «ኪራይ ተወዶ ነው፣ እማ» አለች፤ እኔም እንዳመነ ሰው ተቀበልኩ። የወታደር ጫማዎችህ በሩ ሥር እንደተደረደሩ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቁጭ ብላ ቀለም ትቀባቸዋለች። ለማን እንደሆነ አልጠይቃትም። እዚህ ሱቅ ምድር ቤት የለጠፍካቸው ወረቀቶችም አልተነሡም፦ ሀ ጤፍ፣ ለ በርበሬ፣ ሐ ሽሮ። ጡረታ በወጣህ በሁለተኛው ቀን መጥተህ፣ ሃያ ዓመት የሠራሁበትን ምድር ቤት በአንድ ከሰዓት እንደ ጦር ግምጃ ቤት ስታደራጀው ምን ያህል ተናድጄብህ ነበር። አሁን መብራት ሳላበራ ወርጄ የምፈልገውን ይዤ እወጣለሁ።

ሰው ስለ አንተ ሲያወራ ማዕረግህን ነው የሚያወራው። እውነትም የሚወራ ነገር ነው። በዘጠኝ ዓመትህ በሱዳን በኩል ከአክስትህ ከእትዬ ብርቄ ጋር እንግሊዝ መጥተህ፣ ኬንቲሽ ታውን በመንግሥት ኪራይ ቤት፣ በካውንስል ፍላት ውስጥ አደግክ። በአሥራ ስምንት ዓመትህ የእንግሊዝ ሠራዊት ውስጥ ተራ ወታደር ሆነህ ገባህ። እትዬ ብርቄ «ከጦርነት አሽሽቼ ያመጣሁት ልጅ ለጦርነት አፕላይ አደረገ!» ብላ ሦስት ቀን አኩርፋህ ነበር። አለቆችህ አይተውህ ወደ መኮንኖች ትምህርት ቤት ላኩህ፤ መቶ አለቃ ሆነህ ስትወጣ የመደቡህ ስንቅና ትጥቅ ላይ ነበር። ጓደኞችህ ታንክ ሲመርጡ አንተ ዳቦና ነዳጅ ደረሰህ። «እኔ ተኩሼ ያሸነፍኩት የለም፤ ሳይርባቸው እንዲተኩሱ ያደረግኩ እንጂ» ትል ነበር።

በተጋባን ሰሞን ሻምበል ነበርክ። «በዚህ ቤት ከእኔ በላይ አዛዥ እንዳለ ሠራዊቱ ይወቀው» ብለህ እኔን ሻለቃ አደረግከኝ። አንተ ሻለቃ ስትሆን እኔን ሌተና ኮሎኔል አልከኝ። እንዲህ እያልን፣ እኔ አንድ ማዕረግ እየቀደምኩህ ወጣን። ብርጋዴር የሆንክ ለት ደግሞ ያገሬ ሰው ግራ ተጋባ። በእኛ አገር ብርጋዴር ጄኔራል ያው ጄኔራል ነው፤ በእንግሊዝ ግን ብርጋዴር ገና ጄኔራል አይደለም፤ አንድ ደረጃ ይቀረዋል። ይህን ለስንቱ አስረዳህ! የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር «እንኳን ደስ አለዎት ጄኔራል ታደለ» የሚል ትልቅ ጨርቅ ሰቅሎ ሲቀበልህ፣ በሰው ሁሉ ፊት «ጄኔራል ከፈለጋችሁ እቤት አለች» ብለህ ወደ እኔ ጠቆምክ። ከዚያ ወዲህ በርበሬ ሊገዛ የሚመጣው ሁሉ «ጄኔራል፣ እንደምን አደርሽ» ይለኛል። አሁንም ይሉኛል። መልስ እሰጣለሁ።

ሠራዊቱ ደግሞ በአባትህ ስም ጠራህ። ብርጋዴር ጓንጉል። በእነሱ አፍ «ጋንጉል»። አባትህ ጓንጉል ጠመንጃ ጨብጠው የማያውቁ ሸማኔ ነበሩ፤ ስማቸው ግን አራት ጦር ሜዳ ዞረ። እናም አየህ፣ ሠራዊቱ የሚጠራህ ስም ነበረው፣ ሰፈሩ የሚጠራህ ስም ነበረው። ያ ቀን ሲመጣ የተጠየቅኩት ስም ግን እኔ ዘንድ አልነበረም። የክርስትና ስምህ።

ጥፋቱ የሁለታችንም ነው፣ ልበል? በቁርባን አልተጋባንም። በመዝገብ ቤት ፈረምን፣ በሁለተኛው ሳምንት ዘመትክ። «ጡረታ ስወጣ በቁርባን እንጋባለን» አልክ። የክርስትና ስምህን ስጠይቅህ ፊትህን ኮስተር አድርገህ «ወታደራዊ ምስጢር ነው፤ የክርስትና ስም ለጠላት አይነገርም» አልከኝ። ሚስት ጠላት ናት ወይ ብልህ «ገና እየተጣራ ነው» አልክ። የእኔን ልነግርህ አፌን ስከፍትም ጆሮህን ደፍነህ «አትንገሪኝ፣ ብማረክስ? በቁርባኑ ቀን እንለዋወጣለን» አልክ። ከዚያ በኋላ በጠየቅኩህ ቁጥር «ማጣራቱ አላለቀም» ነበር መልስህ። እኔም ሣቅኩ፤ ቀኑ ሲደርስ ቄሱ ፊት መናገርህ አይቀርም ብዬ ተውኩት።

ጡረታ ከወጣህ ስምንተኛ ወርህ ነበር። ለቁርባኑ ቀን አልቆረጥንም ነበር። ደንበኛ ቆሞ ነበርና ምድር ቤት ውረድና አንድ ጆንያ ጤፍ አምጣልኝ አልኩህ። ደረጃው መካከል ላይ ተቀምጠህ አገኘሁህ። ጆንያውን አልጣልከውም፤ ከጎንህ በደንብ አስቀምጠኸው ነበር። ሐኪሙ ይህ ልብ ወንበር ላይ ቢቀመጥም ያን ቀን መቆሙ አይቀርም ነበር አለኝ። ቃሉን እንደሰማሁት ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ። ስንት ጊዜ አነበብኩት፣ አንድም ቀን አላመንኩትም። ከአራት ጦር ሜዳ በሕይወት የተመለሰውን ሰው እኔ አዘዝኩት። በማዕረግ እበልጠው ስለነበር ታዘዘኝ።

የቀብርህ ቀን በአንድ ደጃፍ ሁለት ሥርዓት ተገናኘ። በአንድ በኩል ቀሲስ፣ ካህናቱና ሕዝቡ። በሌላ በኩል ስድስት ወታደሮች፣ መለከት ነፊና አንድ ወጣት መኮንን፤ ደቂቃ በደቂቃ የሚሆነው የተጻፈበት ወረቀት በእጁ ይዟል። የእኛ ሰው ደቂቃ እንደማይቆጥር ማን ይንገረው። ስድስቱ ልጆች ሣጥንህን በትከሻቸው ተሸክመው ቆመዋል። ቀሲስ ፍትሐቱን ሊጀምሩ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» አሉኝ። መኮንኑ ሰዓቱን አየ። ከኋላዬ ሴቶቹ ሊሰሙ ጠጋ አሉ።

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ይህን ሁሉ ዘመን አብራው ኖራ የባሏን የክርስትና ስም አታውቅም ይሉኛል ብዬ አፈርኩ። ደግሞም ነጋዴ ነኝ፤ ሰው የጠየቀኝ ዕቃ ከሌለኝ የለም ብዬ አላውቅም፣ የሚቀርበውን አወጣለታለሁ። ዕለቱ ሚካኤል ነበር። «ወልደ ሚካኤል» አልኩ። ድምፄ እንኳን አልተንቀጠቀጠም። የዚያን ቀን ማስታወሻዬ እንዲህ ይላል፦ ቀብር። አልዘነበም። ስም ጠየቁኝ፤ ሰጠሁ።

አርባህ በወልደ ሚካኤል ወጣ። ሰማንያህም፣ መንፈቅህም። በስምህ መባ በሰጠሁ ቁጥር ቀሲስ «ነፍሰ ወልደ ሚካኤል» ሲሉ ከሰው ጋር አሜን እላለሁ። በመጀመሪያ ሰሞን በኋላ አርመዋለሁ እል ነበር። ነገሩ ግን በቆየ ቁጥር ከበደ፤ ዛሬ ብናገር እስከ ዛሬ የት ነበርሽ ይሉኛል እያልኩ ዓመት ደረሰ።

እና የውሃው ነገር ትዝ ይለኛል። እኔን ሳታውቀኝ፣ መቶ አለቃ ሳለህ፣ በመጀመሪያው የበረሃ ዘመቻህ ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ሰፈሮች ነበሩ። በሬዲዮ አንዱን ሰምተህ የውሃ መኪኖቹን ወደ ሌላው ላክህ። ያኛው ሰፈር በዚያ ሐሩር አንድ ሙሉ ቀን ያለ ውሃ ዋለ። ማንም አልሞተም። ግን ይህን ስትነግረኝ፣ ብርጋዴር ሆነህም ቢሆን፣ ድምፅህ ዝቅ ይል ነበር። «ውሃው እኮ ነበረ፤ ሞልቶ ተርፎ ነበረ። ስሙን ብቻ ተሳሳትኩ» ትላለህ። ከዚያ ወዲያ በየቢሮህ ግድግዳ ላይ አንድ ትእዛዝ ሰቀልክ፦ ስሙን ሁለት ጊዜ ጠይቅ። ጡረታ ወጥተህ ልታግዘኝ ስትመጣም ይዘኸው መጣህ። ሰው በርበሬ ሲልህ «በርበሬ ነው ያሉት?» ትላለህ። ደንበኛችን እትዬ ዘውዴ እንኳን አንድ ቀን «ታደለ፣ ጆሮህን መድፍ ደፈነው እንዴ? በርበሬ አልኩህ፣ በርበሬ!» ብለው ሱቁን በሣቅ አፈረሱት። «ይኸው ሁለት ጊዜ ነገሩኝ» ብለህ ሰጠሃቸው።

እኔ ግን አልጠየቅኩም። ዓመት ሙሉ ውሃህን ለሌላ ሰፈር ስልክ ከረምኩ። የት ቆመህ እየጠበቅክ እንደሆነ ሳስብ የማደርገው ይጠፋኛል። ሚዛን ላይ ዕቃ ጭኜ ረስቼው እቆማለሁ።

ዝም ብዬ ግን አልተቀመጥኩም። ከሁለት ወር በፊት ለሠራዊቱ ጽፌ የአገልግሎት ፋይልህን አስመጣሁ። እንደ ጡብ የወፈረ ነው። የጫማህ ቁጥር አለ፣ የደምህ ዓይነት አለ፣ በሃያ ሁለት ዓመትህ ያስነቀልከው ጥርስ አለ። የተሾምክበት፣ የዘመትክበት፣ የተመሰገንክበት፣ ሁሉም አለ። ሃይማኖት በሚለው ቦታ «ሌላ» ይላል። አገር ቤት ደወልኩ፤ ያጠመቁህ ቄስ ካረፉ ቆይተዋል፣ መዝገብ የሚባል ነገር አልነበረም። እናትህ የሉም። እትዬ ብርቄ ታውቀው ነበር፤ እሷን ደግሞ አብረን ቀበርናት።

ትናንት ለሊዲያ ነገርኳት። ደነገጠች። «እማ፣ አንቺ? አንቺ ጌስ አደረግሽ?» አለችኝ፤ በግምት ተናገርሽ ማለቷ ነው። አሥር ሰው ከሚሰድበኝ ይህ ይብሳል። ከዚያ የሐዘን ካርዶቹን ሣጥን አወረደችና አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። ከመካከላቸው ዘግይቶ የደረሰ አንድ ካርድ ነበር፤ ከሻምበልነትህ ጀምሮ ጸሐፊህና ሾፌርህ ከነበረው ከኮሊን። አሁን ጡረታ ወጥቶ ዌልስ ነው ያለው። «ኮል አድርጊው፤ አባዬ ከእኛ ይልቅ ከእሱ ጋር ነው የኖረው» አለችኝ። ልክ ናት።

ደወልኩ። ስሜን ስነግረው ሽማግሌው «ሜጀር ጽጌ?» አለኝ፤ ሻለቃ ማለቱ ነው። ሜጀር አይደለሁም አልኩት። «እንግዲያው ፖስታው ላይ ለምን እንዲህ ጻፈ?» አለ። የምን ፖስታ? አልኩ። ታደለ፣ ለእኔ ያልነገርከኝን ከኮሊን ሰማሁ። ከዘመቻ በፊት ወታደር ሁሉ፣ ካልተመለስኩ ይሰጥልኝ ብሎ ለቤቱ አንድ ደብዳቤ ይጽፋል። ኮሊን ነበር የሚያስቀምጠው። የተመለሰ ሰው የራሱን ይቀበልና ይቀደዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ ይጽፋል። አንተ ግን ስትመለስ አልተቀበልከውም። «ያው አንድ ሚስት ናት ያለችኝ፣ የምነግራትም አልተለወጠም፤ ለሚቀጥለው ያገለግላል፣ አስቀምጠው» አልከው። አንድ ደብዳቤ ለሦስት ዘመቻ! ኮሊን ጡረታ ሲወጣ ከወረቀቱ ጋር ወሰደው፣ ከዚያም ረሳው። ጋራዥ ውስጥ አንድ ቦታ አለ ብሏል። ጉልበቱን ያመዋል፤ ግን እፈልገዋለሁ አለኝ።

ምን እንደጻፍክበት አላውቅም። ምናልባት ያለ ስም «አይዞሽ» ብቻ ይሆናል። ካልተገኘ፣ ወይም ተገኝቶ ስሙ ከሌለበት፣ እሑድ ቀሲስ ፊት ቆሜ ዋሽቻለሁ እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ በምን ስም ይጥሩህ?

ሰው ሳራቺኔስካውን እያንኳኳ ነው። ላቋርጥ።

ዓርብ ነው። መጥቷል።

ፖስታው ላይ በእንግሊዝኛ «ለሜጀር ጽጌ» ይላል፤ አድራሻው የኬንቲሽ ታውኑ የመጀመሪያ ቤታችን ነው። ለመክፈት ድፍረት አጥቼ ከጤፉ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ውስጡ ግማሽ ገጽ አማርኛ ነው። አማርኛ ጽሕፈትህን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት መቼ እንደሆነ አላስታውስም፤ ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ ልጅ ጽሕፈት ነው፣ ፊደሎቹ ትልልቅና ዘመም ያሉ። እንደጻፍከው ልገልብጠው፦

«ለሻለቃ ጽጌ። ይህ ከደረሰሽ ማጣራቱ አልቋል። ጠላት አይደለሽም። ለቄሱ ስሜን ንገሪ። ወልደ ሰማት። ሁለት ጊዜ ልጻፈው። ወልደ ሰማት። ልጅ ከተወለደ ውትድርና አይግባ። ካልሰማ ስንቅና ትጥቅ ይግባ። ታደለ።»

ይኸው ነው። ዕ የምትለዋን ፊደል ሁለቱንም ጊዜ ዘለሃታል። ወልደ ሰማዕት። ለሦስት ዘመቻ በአንድ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ጦር ሜዳ ላይ ብትሞት ኖሮ በማግስቱ ይደርሰኝ ነበር። እዚህ፣ በእኔ ደረጃ ላይ ስለሞትክ ዓመት ፈጀ። ሊዲያ አንብቢልኝ ብላኝ፣ «ስንቅና ትጥቅ ይግባ» የሚለው ጋ ስደርስ እየሣቀች አለቀሰች። እኔ ሱቁን ዘጋሁ። በቀን ዘግቼ አላውቅም፤ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ።

እሑድ ከሰዓት ነው። ተመልሰናል።

ከቅዳሴ በፊት ቀሲስን ብቻቸውን አግኝቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰሙኝና «ታዲያ ዓመት ሙሉ ለማን ነበር የምንጸልየው?» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። ቀጥለው፣ «አንድ ወልደ ሚካኤል የሚባል ወዳጅ የሌለው ሰው፣ ይህ ሁሉ ጸሎት ከየት መጣልኝ እያለ ሲገረም ከርሟል ማለት ነው» አሉ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሣቅ አመለጠኝ። አንተ ለተሳሳቱት የውሃ መኪኖችህ እንዲህ ብሎ የሚያቀልልህ ሰው አላገኘህም ነበር። ያም ሆኖ ዓመቱን ማንም አይመልስልኝም። ውሃው ለሌላ መድረሱ የአንተን ጥም አያረካም፤ ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ።

ጸሎቱ ሊጀመር ሲል ቀሲስ በሥርዓቱ መሠረት ወደ እኔ ዞረው «የክርስትና ስማቸው?» አሉ። «ወልደ ሰማዕት» አልኩ። ሊቀጥሉ ሲሉ፣ «አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እንደገና ይጠይቁኝ» አልኳቸው። ካህናቱ ተያዩ። ሊዲያ እጄን ያዘች። ቀሲስ ግን ገባቸው፤ መስቀላቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጮክ ብለው፣ እንደ አዲስ «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» አሉኝ። ሕዝቡ በሰማው ድምፅ ነገርኳቸው።

ታደለ፣ ቤቱ እንዲሁ ነው። ጫማዎችህ በሩ ሥር ናቸው። ደረጃውን ስወርድ አሁንም የተቀመጥክበትን ደረጃ አልረግጠውም፣ እዘለዋለሁ። ይህ የሚሻሻል አይመስለኝም። ግን ሱቅ በከፈትኩ ቁጥር፣ ሳራቺኔስካውን ከማንሣቴ በፊት ስምህን ሁለት ጊዜ እጠራለሁ፤ ይህን በሕይወት እስካለሁ አላስታጉልም። ጊዜው ደርሶ እኔም ስመጣ፣ በር ላይ ማን ብዬ እንደምጠይቅ አውቃለሁ።

በቁርባኑ ቀን እንለዋወጣለን ብለህ አልነበር? የአንተ ደርሶኛል። ጆሮህን አትድፈን። ይህ ወረቀት ጠላት እጅ ቢገባም ግድ የለኝም።

ወለተ ጻድቅ እባላለሁ።

ወለተ ጻድቅ።